ስለ ልብስ ስፌት መኪና ታሪክና አሮጌውን ስለ ማደስ

መርፌ እጅግ ጥንታዊ መሣሪያ ነው። የሰው ልጅ ብረት ማቅለጥን ከማወቁ ብዙ ሺህ ዓመታት አስቀድሞ ከአጥንት መርፌ እየሠራ ቆዳ ይሰፋ ነበር። ከዚያ ዘመን አንሥቶ እስከ ዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ድረስ፥ የንጉሥ ካባም ሆነ የድኻ እጀ ጠባብ፥ የመርከብ ሸራም ሆነ የወታደር ድንኳን፥ ሁሉም በእጅ ይሰፋ ነበር። ጣት እየቈሰለ፥ ዐይን እየደከመ፥ መርፌው በአንድ በኩል እየገባ በሌላው በኩል እየወጣ ይሠራ ነበር። ይህን ሥራ ከጣት ወደ መንኰራኵር ያሻገረው መኪና እንዴት እንደ ተገኘ፥ ማንን እንደ ጠቀመና ማንን እንደ ጐዳ፥ ደግሞም አሮጌ መኪና በእጃችሁ ቢገባ አጽድታችሁ ለሥራ እንዴት እንደምታበቁት ጥቂት ልንገራችሁ። ዓመታቱን የምጽፈው በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በፈረንሳይ አገር በርተሌሚ ቲሞኒዬ የሚባል፥ በ1793 የተወለደ ልብስ ሰፊ ነበረ። ይህ ሰው አብዛኛው ክፍሉ ከእንጨት የሆነ፥ በአንድ ክር እንደ ሰንሰለት የሚሰፋ መኪና ሠርቶ በ1830 የፈጠራ መብት ተሰጠው። ወዲያውም በፓሪስ ከተማ ሰማንያ ያህል መኪኖች ተተክለው የወታደር ልብስ ይሰፉ ጀመር። የከተማው ሰፊዎች ይህን በሰሙ ጊዜ እንጀራቸው የተነጠቀ ስለ መሰላቸው በ1831 ተሰብስበው ሄደው መኪኖቹን ሰባበሩአቸው። ቲሞኒዬ ከዚያ በኋላ መኪናውን እያሻሻለ ብዙ ቢደክምም ሳይቀናው ቀርቶ በ1857 በድኽነት ሞተ።

ስለ እነዚያ ሰፊዎች የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ አላዋቂዎች ነበሩ ብለው በአንድ ቃል ያልፏቸዋል። እኔ ግን በማስተምርበት ዘመን ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ አልነገርኋቸውም። መኪኖቹ የእነርሱ አልነበሩም፤ ባለቤቶቹ ሌሎች ነበሩ፤ ሥራውም ከቤታቸው ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ቤት ሊገባ ነበር። ሰው በራሱ ቤት የተተከለውን፥ ልጆቹን የሚያበላበትን መሣሪያ መዶሻ ይዞ አይነሣበትም። ማጥፋታቸው ክፉ ሥራ መሆኑን አልክድም፤ ፍርሃታቸው ግን ከንቱ እንዳልነበረ ኋላ በሌላ አገር ታይቷል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ከተማ፥ ዋልተር ሐንት የሚባል ብዙ ነገር የሚፈለስፍ ሰው ነበረ። ዛሬ በየቤቱ ያለውን መርፌ ቍልፍ በ1849 ያወጣው እርሱ ነው። ሐንት ከ1832 እስከ 1834 ባለው ጊዜ ውስጥ በሁለት ክር የሚሰፋ መኪና ሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን በጊዜው የፈጠራ መብት ሳይጠይቅበት ተወው። እንደሚተረከው የተወበት ምክንያት ልጁ ካሮሊን በመርፌያቸው የሚኖሩ ድኾች ሴቶች ሥራ ያጣሉ ብላ ስለ ተቃወመችው ነው። ልጅቱ ያን ጊዜ ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማዋ ነበር ይባላል፤ ከአንባቢዎቼ መካከል ብዙዎች በዚህ ዕድሜ ሳይሆኑ አይቀሩም። አሳቧ የርኅራኄ አሳብ ነበር፤ መኪናው ግን አንድ ሰው ዝም ስላለ የሚቀር ነገር አልነበረም። ከዐሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ሰው ሠራው።

እዚህ ላይ የመኪናውን አሠራር ማስረዳት ያስፈልጋል፤ በኋላ ስለ ማደስ ስንነጋገር ይጠቅመናልና። የእጅ መርፌ ዐይኑ በጀርባው ነው፤ መርፌው በሙሉ ጨርቁን አልፎ ይወጣል፥ ክሩንም ከኋላው ይጐትታል። የመኪና መርፌ ግን ዐይኑ በጫፉ ነው፤ ጨርቁን ወግቶ ክሩን ወደ ታች ያወርድና በመጣበት ይመለሳል። መመለስ ሲጀምር ክሩ ከጨርቁ በታች ትንሽ ቀለበት ይሠራል። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛውን ክር የተሸከመ መወርወሪያ በቀለበቱ ውስጥ ሾልኮ ያልፋል። ሸማኔ በድሩ መካከል መወርወሪያውን ሲያሳልፍ ያየ ሰው ነገሩን ወዲያው ያስተውለዋል። ከዚያ የላይኛው ክር ወደ ላይ ሲሳብ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ ውፍረት መካከል ይቈላለፋሉ። የቲሞኒዬ የሰንሰለት ስፌት በአንድ ክር ስለ ነበረ ጫፉ ከተሳበ እስከ መጨረሻው ይተረተራል፤ ይህኛው ግን በአንድ ቦታ ቢበጠስ እንኳ ሌላው ጸንቶ ይቀራል።

ይህን ዐይነት መኪና አሠርቶ መብቱን በ1846 ያስመዘገበው ኤልያስ ሀው የሚባል የማሳቹሴትስ ሰው ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት በቦስተን ከተማ መኪናውን ከአምስት ፈጣን ሴቶች ሰፊዎች ጋራ አወዳድሮት ነበር፤ መኪናው በደቂቃ 250 ጊዜ እየወጋ ሁሉንም ቀደማቸው። ሰው ሁሉ አደነቀ፤ የገዛ ግን አልነበረም፤ ዋጋው 300 ዶላር ነበረና። ሀው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ለአንድ የጡት መያዣና የወገብ ማጥበቂያ ነጋዴ ሠራ፤ ከሰውዬው ጋራም ተጣላ። ለመመለሻ ገንዘብ ስላጣ የመብቱን ወረቀት ሳይቀር መያዣ አድርጎ ተበደረ። አገሩ ሲገባ ሚስቱ በሳምባ ነቀርሳ ልትሞት ተቃርባ አገኛት። ደግሞም እርሱ በሌለበት ሌሎች የእርሱን አሳብ ወስደው መኪና እየሠሩ ይሸጡ ነበር። ሀው ግን ተሟግቶ በ1854 ረታ፤ ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ መኪና ድርሻ ይከፈለው ስለ ነበር በ1867 ሲሞት ባለጸጋ ሆኖ ነው።

ከተረቱት መካከል ዋናው አይዛክ ሲንጀር ነበር። ይህ ሰው በቤተ ሰብ ኑሮው ለወጣቶች ምሳሌ የሚሆን አይደለም፤ በወጣትነቱ የቲያትር ተጫዋች ነበር፤ እጁ ግን ብልሃተኛ ነበረ። በ1850 በቦስተን ከተማ በአንድ መሣሪያ ቤት የተበላሸ የስፌት መኪና አይቶ ስሕተቱን ለየና በዐሥራ አንድ ቀን ውስጥ የተሻለ ሠራ ይባላል። መርፌው ቀጥ ብሎ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ፥ ጨርቁም በጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ ወደ ፈለጉት እንዲዞር አደረገ። በ1851 መብቱን አስመዘገበ። በአገራችን ዛሬም ሲንጀር የሚለው ስም ከመኪናው ጋራ ተጣብቆ ይጠራል።

ስለ ሲንጀር ሲነሣ ግን ሰዎች የሚረሱት አንድ ሰው አለ፤ እርሱም ሽርካው ኤድዋርድ ክላርክ የሚባል ጠበቃ ነው። በዚያ ጊዜ የመኪናው ዋጋ ከ100 ዶላር በላይ ሲሆን የአንድ ተራ አሜሪካዊ ቤተ ሰብ የዓመት ገቢ 500 ዶላር ገደማ ነበር። ክላርክ በ1856 ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ እየተቀበለ ቀሪውን በየወሩ የሚያስከፍል አሻሻጥ አወጣ። በዚህ ምክንያት ባለጸጋ ያልሆነች ሴት መኪናውን ቤቷ አስገብታ በእርሱው እየሠራች ዕዳዋን ልትከፍል ቻለች። የወሩን ክፍያ ላጣችው ግን መኪናው ተመልሶ ይወሰድባት ነበር፤ የከፈለችውም ይቀርባት ነበር። በዚያው ዓመት አራቱ የመብት ባለቤቶች፥ ሀውም ጭምር፥ ሙግታቸውን ትተው በማኅበር ተስማሙ። ይህ ማኅበር የያዛቸው መብቶች በ1877 እስኪያልቁ ድረስ ከማኅበሩ ውጭ መኪና የሚሠራ ሁሉ ይከፍል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዋጋው ወደቀ።

አሁን ወደ ሰፊዎቹ እንመለስ። ዊለርና ዊልሰን የሚባለው ድርጅት በ1861 ባወጣው ማስታወቂያ አንድ የወንድ ሸሚዝ በእጅ ሲሰፋ 14 ሰዓት ከ26 ደቂቃ፥ በመኪና ሲሰፋ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ይፈጃል ይላል። ሻጭ ዕቃውን ያመሰግናል፤ ስለዚህ ጥቂት ብንቀንስለትም ልዩነቱ ታላቅ ነው። እንግዲህ የተረፈው ዐሥራ ሦስት ሰዓት ለማን ሆነ? መኪናው በገዛ ቤቷ ላለች እናት ጊዜው ለእርሷ ተረፈ። በሌላ ሰው መኪና ለምትሠራ ደመወዝተኛ ግን የአንዱ ሸሚዝ ዋጋ ወረደና ዐሥር ሸሚዝ መስፋት ግዴታ ሆነባት።

በመጋቢት ወር 1911 የሆኑትን ሁለት ነገሮች ተመልከቱ። በኒው ዮርክ ትሪያንግል በሚባል የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ እሳት ተነሣ፤ አንዱ መውጫ በር ተቈልፎ ነበርና 146 ሠራተኞች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ከሌላ አገር የመጡ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በዚያው ወር በስኮትላንድ፥ ክላይድባንክ በሚባለው ስፍራ በነበረው በሲንጀር ታላቅ ፋብሪካ ውስጥ፥ የመኪናውን እንጨት የሚወለውሉ ጥቂት ሴቶች ሥራ ተጨመረባቸው፥ ገቢያቸውም ተቀነሰ። ሴቶቹ ሥራ አቆሙ፤ ከ10,000 የሚበልጡ ጓደኞቻቸውም ተከተሏቸው። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ድርጅቱ አሸነፈና ብዙዎች ተባረሩ። አንደኛው መኪናውን ይዘው የሚሰፉት፥ ሁለተኛው መኪናውን ራሱን የሚሠሩት ሰዎች ታሪክ ነው፤ በሁለቱም ዘንድ መኪናው የሌላ ሰው ነበር።

ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በ2016 የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተከፍቶ በሺህ የሚቈጠሩ ልጃገረዶች ለውጭ አገር ነጋዴዎች ልብስ ይሰፉ ጀመር። በ2019 የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደ ነበር ይናገራል። ሥራ ከማጣት ይሻላል የሚሉ አሉ፤ እውነትም አላቸው። ነገር ግን በመርካቶ በረንዳ ላይ በእግሩ መኪና እየረገጠ የሰውን ሱሪ የሚያሳጥረውን ሰፊ ጠይቁት። መኪናው የራሱ ከሆነ ዋጋውን ይናገራል፥ ሲያመው ይዘጋል፥ ልጁንም አጠገቡ አስቀምጦ ያስተምራል። በኪራይ መኪና የሚሰፋ ከሆነ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ኪራዩ ነው።

ማሕተማ ጋንዲ የፋብሪካ መኪና ሕዝብን ሥራ ያሳጣል ብለው አጥብቀው ይቃወሙ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በ1924 መኪና ሁሉ ክፉ ነውን ብለው ሲጠይቋቸው፥ የሲንጀርን የስፌት መኪና ለይተው ጠቃሚ ነው አሉ። ሲንጀር መኪናውን የሠራው ለሚስቱ ድካም አዝኖ ነው ብለው ያምኑ ነበር፤ በዚህ እንኳ ሰውዬውን ከሚገባው በላይ አክብረውታል። መሠረተ አሳባቸው ግን ትክክል ይመስለኛል፤ አንድ ሰው በቤቱ አስቀምጦ በገዛ እግሩ የሚያንቀሳቅሰው መኪና ሰውን አያባርርም።

ያ የክላይድባንክ ፋብሪካ በ1913 በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ መኪና ይሠራ ነበር። በ1980 ተዘጋ። ዛሬ በስፍራው ያለ የባቡር ጣቢያ በሲንጀር ስም ይጠራል እንጂ ፋብሪካው የለም። እዚያ የተሠሩት መኪኖች ግን በዓለም ሁሉ ተበትነው ገና ይሰፋሉ። ለዚህ ምክንያቱ ብረታቸው ወፍራም መሆኑ ብቻ አይደለም። ክፍሎቻቸው በብሎን የተያያዙ ስለ ሆኑ ባለቤቱ በካቻቢቴ ይፈታቸዋል፤ ዘይት የሚጠጡባቸው ቀዳዳዎች በግልጥ ይታያሉ፤ መብራት የሌለበት ገጠር ቢወስዷቸውም በእጅ ወይም በእግር ይዞራሉ። ከእነዚህ አንዱን ከአያት ዕቃ ቤት ወይም ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ያገኘ ወጣት ያለ ወር ክፍያና ያለ ኪራይ የሥራ ባለቤት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሮጌ መኪና ዝጎ ስታዩት ለቤት ጌጥ ብቻ የሚሆን አይምሰላችሁ። በጎረቤታችን የነበሩ አንዲት ባልቴት ከሌላ ሰው በተረፈ አሮጌ መኪና ትራስና የትምህርት ቤት ልብስ እየሰፉ አራት ልጆች አሳድገዋል። መኪናው ሲደርቅባቸው ራሳቸው ፈትተው ያጸዱት ነበር፤ ለጠጋኝ የሚከፍሉት አልነበራቸውምና።

መኪናው በእጃችሁ ሲገባ አስቀድማችሁ ቍጥሩን ፈልጉ። በሲንጀር ላይ ቍጥሩ በመኪናው ወለል በቀኝ በኩል ተቀርጾ ይገኛል፤ ከ1900 ወዲህ በተሠሩት ላይ ከቍጥሩ በፊት የላቲን ፊደል አለ። ኤፍ ወይም ዋይ የተባለው ፊደል ካለበት በክላይድባንክ የተሠራ ነው። ቀጥሎ መንኰራኵሩን በእጃችሁ በቀስታ ወደ ራሳችሁ አዙሩ። አልዞር ቢል አታስገድዱት። አብዛኛውን ጊዜ ያልተሰበረ መኪና የማይዞረው ከብዙ ዓመት በፊት የተጨመረበት ዘይት እንደ ሙጫ ደርቆ ስለ ያዘው ነው። በየዘይት ቀዳዳውና ብረት ከብረት በሚገናኝበት ሁሉ አንድ አንድ ጠብታ ላምባ (ነጭ ጋዝ) አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግሥቱ ጥቂት ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት፤ ደግሞም ጨምሩበት። ሦስት ቀን የሚፈጅ አለ፤ ሳምንት የሚፈጅም አለ። መዶሻ የሚያነሣ ሰው በዚህ ሥራ ምንም አይጠቀምም።

መንኰራኵሩ እየዞረ መርፌው ባይንቀሳቀስ መኪናው ሞተ ብላችሁ አትዘኑ። በመንኰራኵሩ መካከል ያለው ትልቅ ክብ ብሎን ክር ሲጠነጠን መርፌው እንዲያርፍ የሚላላ ነው፤ ምናልባት ያለፈው ባለቤት ላልቶ ትቶት ይሆናል። አጥብቃችሁ እዩት። በዚህች ብሎን ምክንያት ብቻ ብዙ ጤነኛ መኪና በብረት ዋጋ ተሽጧል።

ከዚህ በኋላ በመርፌው ሥር ያለችውን የብረት ሳህን ፍቱና ጨርቁን በሚስቡት ጥርሶች መካከል የተጠቀጠቀውን የጨርቅ ብናኝ በእንጨት ስንጥርና በብሩሽ አውጡ። መወርወሪያው የሚመላለስበትን ቦታም እንዲሁ፤ በዚያ የተጠመጠመች አንዲት ቍራጭ ክር መኪናውን በሙሉ ልታስቆም ትችላለች። በአሮጌዎቹ መኪኖች መወርወሪያው የጀልባ ቅርጽ ያለው ረዥም ነገር ነው፤ በኋለኞቹ ግን ክብ ነው። ላምባው አጥቦ ያወጣውን ጥቍር እድፍ ሁሉ ከጠረጋችሁ በኋላ ለስፌት መኪና የሚሆን ቀጭን ዘይት ስጡት። የወጥ ዘይት ከቶ አይሁን፤ እንደገና ይደርቅበታል።

ጥቍሩን ቀለምና በላዩ ያለውን የወርቅ ሐረግ በጥንቃቄ ያዙት። በአንዳንዶቹ ላይ የግብጽ ሐውልት፥ በአንዳንዶቹ ላይ አበባ ተሥሎባቸዋል። በቀለሙ ላይ ያለውን መከላከያ አልኮል ስለሚያሟሟው በአልኮል የሚጠርግ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ መቶ ዓመት የቈየውን ሥዕል ያጠፋል። በቀላል ዘይት የራሰ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል። የዝገት ማስለቀቂያ ወረቀት ለተራቈተው ብረት ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ያለበት መኪና ከሆነ ግን የሽቦው ልባስ ደርቆ ሊሰነጠቅ ስለሚችል ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ሰው ሳያየው አትሰኩት።

የእግር መኪና ከሆነ የቆዳ ጠፍሩ ከእርጅና የተነሣ ረዝሞ ይንሸራተት ይሆናል፤ ጥቂት ቈርጣችሁ ጫፎቹን በሽቦ መልሳችሁ አገናኙ። መርፌው አዲስ ይሁን። ጠማማ መርፌ ክር ይበጥሳል፤ ተገልብጦ የገባ መርፌም ስፌት ይዘልላል። በመርፌው ጐን ላይ ረዥም ቦይ አለ፤ ክሩ የሚገባው ከዚያ በኩል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ያለ ክር ወረቀት እየወጋችሁ እግራችሁን አለማምዱ፤ መንኰራኵሩ ወደ ኋላ ከዞረ ክሩ ይጠላለፋልና።

ከዚያ ክሩን አግቡና በሁለት እጥፍ አቡጀዲድ ላይ ሰፍታችሁ ጨርቁን በሁለቱም ወገን ተመልከቱ። የታችኛው ክር በላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ከታየ የላይኛው ከመጠን በላይ ጠብቋል፤ በሥሩ ቀለበት ቀለበት ካደረገ የላይኛው ላልቷል። የክር ማጥበቂያዋን ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞራችሁ እንደገና ሞክሩ፤ ሁለቱ ወገኖች አንድ ሲመስሉ ተስተካክሏል ማለት ነው። ማታ ሥራ ስታቆሙ አንድ ቍራጭ ጨርቅ ከእግሩ ሥር አድርጋችሁ እግሩን በላዩ አውርዱት፤ ሌሊቱን የሚንጠባጠበውን ዘይት ይጠጣዋል። በማግሥቱም መጀመሪያ የምትሰፉት ጥቍር ወይም አሮጌ ጨርቅ ይሁን እንጂ የሰው ነጭ ልብስ አይሁን።